ንጹሕ ፉል

አዲሱ ገበያ፣ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ «ፉል አለ?» የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ቁርስ ያልበላ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በትኩስ ዳቦ የሚጠቀሰውን ባቄላ ፍለጋ የመጣ። ፉል ቤቱ ከኛ ጎን ስለሆነ በሩን ይስታል። አባቴ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አግኝቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። «አለ፣ ግባ» ይለውና ከመደርደሪያው ትንሿን ብልቃጥ አውርዶ፣ ክዳኗ ሥር ባለችው የመስታወት ዘንግ የሰውዬውን የእጅ አንጓ ነካ ያደርገዋል። «በል ብላ» ይለዋል። የሚስቅ አለ፣ የሚሳደብ አለ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ግን እጁን እያሸተተ ቆሞ ቀረ። መንገድ ዘግቶ የተወውን መኪና አንሳ እያሉ ክላክስ ሲነፉበት እንኳ አልሰማም።

ሁለተኛው ዓይነት ደንበኛችን ነው። እሱ የሚፈልገው አረቦቹ ፉል የሚሉትን ትንሽ ነጭ አበባ ነው፣ የጃስሚንን ዘር። እንጦጦ ዳገት ላይ ቁጥቋጦ ተጠምጥሞ የሚያብበው የኛው ጠምበለል የሥጋ ዘመዱ ነው። ከአበባው የሚወጣው የዘይት ሽቶ አልኮል የለበትም፤ ለሶላት የሚቆም ሰው ሳይሳቀቅ ይቀባዋል። ሌላ አበባ አይገባበትም፣ ሌላ እንጨት አይገባበትም። አንድ አበባ ብቻውን። አባቴ በሚያምር ካርቶን ተሽጎ የሚመጣውን የፈረንጅ ሽቶ «ስብሰባ» ይለው ነበር፤ ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ፉል ግን ብቻውን ገብቶ ብቻውን ያወራል፣ ያለውን ብሎ ሳይጨርስም ከክፍሉ አይወጣም። ወላሂ እልኸኛ አበባ ነው። እማ እኔን ስትቆጣ «ይቺ ፉል» የምትለኝ ለዚህ ነው።

ሲቀቡት መጀመሪያ የሚመጣው አረንጓዴ ነገር ነው፤ የአተር እሸት በጥፍር ሲሰነጠቅ የሚሸተው ዓይነት። እሱ ቶሎ ይሄዳል። ከዚያ ጣፋጩ ይመጣል። የሚጣፍጠውም እንደ አበባ ሳይሆን እንደ ምግብ ነው፤ ቆዳው ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ፣ ትንሽ ማር። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ሱብሓነላህ» ብሎ ይገዛል። አባቴ ግን ገና ነው ይላል። ጠብቁት፣ ታች አለ ይላል። ታች ያለው ሲመጣ ሰው ፊቱ ይኮሳተራል። ከጣፋጩ ሥር የከበደ፣ የሞቀ፣ የሰውነት ሽታ አለ። በሸጎሌ ከብት ተራ በኩል ሲያልፉ ነፋስ ይዞት የሚመጣው ዓይነት፣ ወይም ውሃው ሳይቀየር የሰነበተ የአበባ ማስቀመጫ። ደስ አይልም። አንዴ ካወቁት በኋላ ግን እሱ የሌለበት ጣፋጭ ባዶ ይሆናል።

አባቴ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው በዚህ ነበር። ነጭ አበባ ሁሉ ከሥሩ ትንሽ ይበሰብሳል፣ ብስባሹ ከሌለ ፋብሪካ የሠራው ነው ይል ነበር። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ፉል እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ያ የታችኛው የለውም፤ ከረሜላ ነው። አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሠርግ ገዝታ ሄዳ በማግሥቱ፣ ጋሼ ይሄ ነገር በረት በረት ይላል ብላ መለሰችው። አባቴ ምንም ሳይቀየም ተቀበላትና፣ አበባው ሕይወት ስላለው ነው እኮ እናቴ አላት። ነጋዴ ናሙና ሲያመጣ ቀብቶ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ይጠብቅና እጁን ለእኔ ይዘረጋልኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አፍንጫዬን ከራሱ እኩል ያምነው ነበር። ሁለታችንም ያን የታችኛውን ስናገኘው «ንጹሕ ነው» ይላል። በኛ ቤት ንጹሕ ማለት እንግዲህ ትንሽ የሚሸት ማለት ነበር። ለሰው ስናገረው ያስቃል፤ እኔን አሁን አያስቀኝም።

ራሱ የሚቀባው ዓርብ ዓርብ ነበር። ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከጆሮው ኋላ፣ አንጓው ላይ፣ ጢሙ ላይ። መስጂድ ውስጥ ሰው ከጎኑ ለመቆም ይሻማል፤ እቤት መጥቶ አይናገርም እንጂ ደስ እንደሚለው እናውቃለን። ሐሙስ ማታ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይበላም። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቆም ሰው ወንድሙን በአፉ ሽታ ማስቸገር የለበትም ይላል። ሌላው በሀብቱ ይኮራል፣ ሌላው በልጆቹ። የሱ ኩራት ሰው ከጎኑ ቆሞ ደስ እንዲለው ነበር። ሌላ ምንም አልነበረውም ማለት እችላለሁ።

ስኳር ካገኘው ቆይቷል። ኪኒኑን ይውጣል፣ ሻዩን ባዶውን ይጠጣል፣ ሰው ሳያየው ደግሞ ተምር ይበላል። እግሮቹ ከደነዘዙ ወዲህ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቢውል አይሰማውም። ያን ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየቀኑ ፉል መቀባት ጀመረ። ሰኞም፣ ማክሰኞም። እማ ወዲያው አየችና፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሁለተኛ ልታገባ አስበህ ከሆነ ንገረኝና ክፍሉን ላሰናዳላት ብላ አሾፈችበት። እሱም፣ አዎ፣ ዊንጌት ጋ አንዷን አይቻለሁ አላት። ሳቅን። ወላሂ ሁላችንም ሳቅን።

ቀጥሎ ካልሲውን ራሱ ማጠብ ጀመረ። እማ ይሄን ለጎረቤት ሁሉ ፎክራ አወራች፤ በስተርጅና አመል አወጣልኝ እያለች። ቀጥሎ፣ ሳል ይዞኛል አልረብሽሽ ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። ቀጥሎ ጁምዓ ቀረ። ጉልበቴን አሞኛል፣ ዳገቱ ከብዶኛል እያለ ሱቁ ጓዳ መስገጃውን አንጥፎ ብቻውን ይሰግዳል። ዓርብን የሚቀር ሰው አልነበረም። ዕድሜው ነው አልን። ማታ እቤት ሲገባ ፉሉ ከሱ ቀድሞ ይገባል፤ ያ የታችኛውም በፊት ከምናውቀው ጠንከር ብሏል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ የዘንድሮው ፉል እንዴት ንጹሕ ነው አልኩ። እማም፣ እንዲህ ያለ ከገባ ስንት ጊዜው አለች። አባቴ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

እንዴት አላወቃችሁም የሚሉኝ አሉ። ዘመድ ነን ባዮች፣ ለቅሶ ላይ የሚገኙ። ምን ልበላቸው? ሌላ ቤት ቢሆን፣ ሽቶ የማያውቅ ቤት ቢሆን፣ በማግሥቱ እዚህ አይጥ ሞቷል ብሎ ዕቃውን ያገላብጥ ነበር። እኛ የተሳሳትነው ስለምናውቅ ነው። እኛ ጭራሽ አመሰገንነው።

የታወቀው እሱ ነግሮን አይደለም። ሱቅ ስገባ እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት፤ ግንባሩ እሳት ነው። ጓዳ አስገብቼ መስገጃው ላይ አስተኛሁትና ጫማውን ላወልቅለት ስል እጄን ያዘኝ። ተይው አለኝ። እኔ ደግሞ ተይው ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም። ካልሲው ድርብ ነበር፤ ሁለቱም ዘይት ጠጥተዋል። ፉሉን ቁስሉ ላይ እንደ ውሃ ነበር የሚያፈሰው። ካልሲው ሲወልቅ የተጣበቀበት ነገር አብሮ ወለቀ። ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ውስጥ እግሩ ተበልቶ ነጩ አጥንት ይታያል። ፉሉም አለ፣ የታችኛውም አለ፤ አሁን ግን ተለያይተው፣ የየራሳቸው ሽታ ሆነው መጡ። ወጥቼ በሩ ሥር አስመለሰኝ። ተመልሼ ገብቼ ጮህኩበት። ምን ነካህ፣ ሕፃን ነህ እንዴ፣ ማንን ፈርተህ ነው አልኩት። አባቴን እንዲያ ተናግሬው አላውቅም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አያመኝም እኮ አለ። እውነቱን ነው፣ አያመውም። ጉዱም እሱ ነበር።

የሆስፒታሉ ዶክተር ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ ነገር አያድበሰብስም። ጋንግሪን ነው አለን። ዛሬ ነገ ሳይባል ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ይተርፋል፤ ከዘገየ ከጉልበት በላይ ይሆናል፤ ከዚያም ካለፈ የሚቆረጥ ነገር አይኖርም። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ራሱ አባቴ ነው፣ አእምሮው ሙሉ ነውና። እኛ ብንፈርምለት ዋጋ የለውም።

አባቴ እምቢ አለ። ሙሉ አድርጎ የፈጠረኝ ሙሉዬን ይውሰደኝ አለ። ማር ይደረግበት፣ ይድናል አለ። ሰፈር ውስጥ እግሩን ተቆርጦ የሞተ ሰው ጠራ፤ ተቆርጦ የሚኖረውን ስጠራለት አልሰማኝም። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ መጥቶ ለመነው፤ እሱንም ሂድ ወደ ሥራህ አለው። በዚህ መሐል ፉሉን አምጡልኝ ይላል። እማ ሻርፗ ውስጥ ጠቅልላ ታመጣለታለች። ቀኑን ሙሉ ይቀባዋል፤ ፋሻው ላይ፣ አንሶላው ላይ፣ ትራሱ ላይ። ዋርዱ በሙሉ አበባ አበባ ሸተተ። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ፣ አባት፣ እርስዎ ከመጡ ወዲህ እንቅልፍ ወሰደኝ ብሎ መረቀው። አባቴ ፈገግ አለና ወደኔ ዞሮ፣ አየሽ፣ ሽታ የለኝም አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሲጀምር ከኛ ሊደብቅ ነበር፤ በኋላ ግን ከራሱም ደብቆታል። ያ ናሙና የሚለይ አፍንጫው ፉሉ ሥር ያለውን ብስባሽ የአበባው ነው ብሎ ተቀብሎታል። የእግሩን ሽታ አንድም ቀን ለብቻው አሽቶት አያውቅም። ስለ ሞት ቢያወሩት፣ ስለ መቆረጥ ቢያወሩት የሚሰማ ሰው አልነበረም። የሚሰማው በአፍንጫው ብቻ ነው።

ብልቃጡን ከትራሱ ሥር ወሰድኩት። እማ ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ የታመመ ሰው የቀረችውን ደስታ ትነጥቂዋለሽ ወይ አለችኝ። ልብ የለሽም አለችኝ። ልብ ስላለኝ ነው አልኳት። ሱቁንም ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ፣ እማ እንዳታመጣለት ብዬ። ነርሷን ለምኜ አንሶላውንና ትራሱን አስቀየርኩ። እጁንና ጢሙን ራሴ በሳሙና አጠብኩት። ምን ልታደርጊ ነው በሚል ዓይን ያየኛል፤ እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ፉሉን ጠየቀኝ። አልቋል አላልኩትም። አልሰጥህም አልኩት። አባትሽ ነኝ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አኮረፈና ጀርባውን ሰጠኝ፤ እራቱንም አልነካም። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ተደግፎ ተቀምጧል። እጁን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ይመልሳል። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኗል። አባቴ ሰውዬውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ አባባ። አንተ ነህ።»

ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፅ የለውም፣ ጢሙ ብቻ ረጠበ። ለዚያ ሰውዬ፣ ወንድሜ አውፍ በለኝ፣ አላወቅሁም ነበር አለው። ሰውዬውም ደንግጦ ፎጣውን ደበቀ። ከዚያ አባቴ ዶክተሩን ጥሩልኝ አለ። ጨካኝ የሚሉኝ ይበሉኝ። ዛሬም ቢሆን ያን ብልቃጥ እወስደዋለሁ።

ከጉልበት በላይ ሆነ። ዶክተሩ ካለው ሁለተኛው ላይ ደርሰን ነበር። እግሩን አጎቴ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ተረክቦ መቃብር ወስዶ ቀበረው፤ በኛ ወግ የሰው አካል አይጣልም። ተመልሶ መጥቶ እጁን ደጋግሞ ታጠበ። ሕፃን የያዝኩ ነው የመሰለኝ ብሎ ለእማ ነገራት፣ የቀረበለትንም ሳይነካ ሄደ።

አባቴ ሲነቃ ስለ እግሩ አልጠየቀም። ሽታው ሄደ ወይ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። የመድኃኒት ሽታ አለ፣ የአዲስ ፋሻ ሽታ አለ፣ ሌላ የለም። ሄዷል አልኩት፣ ከልቤ ነው ያልኩት። እማ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ከእኔም ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ማውራት ጀመረች። አባቴ ሾርባ ጠጣ፣ ጥፍሩን አስቆረጠ፣ አጠገቡ ከተኛው ሰውዬ ጋር ስለ ኳስ ተከራከረ። በክራንች መስጂድ እንዴት እንደሚገባ፣ ወንበር ላይ ሆኖ ከሰጋጆቹ ሰልፍ፣ ከሶፉ ጫፍ እንደሚሰግድ አወራን። ለጁምዓ ማን እንደሚያደርሰው ከአጎቴ ጋር ተስማሙ። እኔም አመንኩ። እንዲያውም ክራንች ልጠይቅ ሁለት ቦታ ሄጄ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ትራሱን ላስተካክልለት ጎንበስ ስል መጣብኝ። ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከፋሻው በኩል፣ ትንሽ። አበባ የለም፣ ጣፋጭ የለም፤ የታችኛው ብቻውን። ዶክተሩን ልጠራ ወጣሁ። ዶክተሩ በዚያው ጠዋት ፋሻውን ፈትቶ አየ። እማን ወደ ኮሪደር ጠራትና ወደ ደሙ ገብቷል አላት።

አባቴ በዚህ ጊዜ ሄደ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሳሸት አይቶኛል፣ እኔም እሱ ሲያሸት አይቼዋለሁ። ብዋሸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ለማን ብዬ ልዋሽ?

«በይ አሁን ፉሉን አምጪልኝ» አለኝ።

ታክሲ ይዤ አዲሱ ገበያ ሄድኩ፣ ሱቁን ከፈትኩ፣ አመጣሁለት። ከጆሮው ኋላ፣ አንጓው ላይ፣ ጢሙ ላይ ቀባሁት። ፋሻው ላይ አላፈሰስኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አረንጓዴው መጣና ሄደ። ጣፋጩ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። እማ ፊቷን ታጥባ ገብታ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ብልቃጡ ውስጥ ትንሽ ተርፎ ስለነበር ክዳኑን ልገጥም ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«የተረፈውን ሱቅ መልሺው። እናትሽ ጋ እንዳትተዪው። ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን እስክትጨርስ ሽቶ አይፈቀድላትም፣ ትሳቀቃለች።»

እማ መጣችና ብልቃጡን ከእጄ ወሰደች። ከቤት ውጭ፣ ባዕድ ወንድ ባለበት ሽቶ ቀብታ የማታውቅ ሴት ናት። ሻርፗን ፈታ አድርጋ አንገቷን ቀባች፣ ሁለቱንም እጆቿን ቀባች፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር።

«ገና ባለባል ነኝ» አለችው።

ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።